ልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ተበላሸ፦ ከከተማው ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው አዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ አንዳንዴም ገላን ድረስ እየተመላለስኩ ነው። ልብስ ማጠቢያ ማሽን እጠግናለሁ። አልፎ አልፎ ዕቃ ማጠቢያም ይገጥመኛል። ስልኬ አብዝቶ የሚጮኸው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሌሊት ውሃ መጥቶ ሰፈሩ ሁሉ የሳምንት ልብሱን ባንዴ ማሽን ውስጥ ሲከት ማለት ነው። ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ እኔን አይፈልጉም። ሁለት ታክሲ ቀይሬ ሄጄ፣ ማጣሪያ ከፍቼ፣ የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቼ ሂሳብ መቀበል ያሳፍረኛል። ስለዚህ የሚጠየቁትን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። መጀመሪያ እነዚህን ሞክሩ።

ማሽኑን ከመነካካቴ በፊት ምን ላድርግ?

ስፒናውን ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም። ማጥፊያው ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ መስመሩን የዘረጋው ሰው ፌዙንና ኒውትራሉን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመጣውንና የሚመልሰውን ሽቦ፣ አገላብጦ አስሮት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማሽኑ ጠፍቶም ውስጡ ኤሌክትሪክ አለ። ቀጥሎ የውሃውን ቧንቧ ዝጉ። ሲያሞቅ የነበረ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ።

የሚያስፈልጋችሁ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ሳፋና ጨርቅ ነው። የጀርባውን ክዳን ፈትቶ ሽቦ መነካካት ግን ለማያውቅ ሰው አይሆንም። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

ውሃ አልገባለት አለ። ትንሽ ሲያጉረመርም ይቆይና ይቆማል።

እዚህ አካባቢ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይሄ ነው። ኤልጂ ከሆነ «አይ ኢ»፣ ሳምሰንግ ከሆነ «4ኢ» ወይም «4ሲ» ብሎ ይጽፍላችኋል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ በተሰጠኝ ጊዜ ውስጥ ውሃው አልሞላልኝም። ማሽኑ ተበላሽቻለሁ አላለም። ውሃ አምጡ ነው ያለው።

መጀመሪያ ቧንቧው ላይ ውሃ መኖሩን እዩ። አትሳቁ፣ በዚህ ብቻ ተጠርቼ አውቃለሁ። ውሃ ካለ ከማሽኑ ጀርባ የገባውን ቱቦ በእጃችሁ ፍቱት። ቱቦው የተገጠመበት አፍ ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወንፊት አለች። በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ሳቧት። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስና አሸዋ ነው። እሱ ሁሉ እዚያች ወንፊት ላይ ይከማቻል። በጥርስ ብሩሽ አጽዱና መልሱ። «እንዳትደፈን» ብሎ ወንፊቷን አውጥቶ የጣለ ደንበኛ ነበረኝ። አሸዋው ውስጥ ገብቶ የውሃ መክፈቻውን ቫልቭ ከፍቶ አስቀረው። ማሽኑ ተነቅሎ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ አደረ። ጠዋት ሳሎኑ ኩሬ ሆኖ ጠበቀው።

ወንፊቷ ንጹሕ ከሆነ ጥርጣሬው ግፊት ላይ ነው። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.3 ባር ግፊት ይፈልጋሉ፤ 0.5 የሚሉም አሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ይሰጣል። ሮቷችሁ 3 ሜትር ብረት ላይ ተቀምጣ ከሆነና የማሽኑ ውሃ መግቢያ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ከሆነ የቀራችሁ 2 ሜትር ነው። ይህ 0.2 ባር ነው። አይበቃም። ሮቶዋ እየጎደለች ስትሄድ ደግሞ ይብሳል። ትልቅ ሮቶ መግዛትም አይረዳም። ግፊት የሚሰጠው ከፍታ እንጂ የሊትሩ ብዛት አይደለም። ኮንዶሚኒየም ላይ ታንከሩ ጣሪያ ላይ ከሆነ ምድር ያለችው ጎረቤታችሁ ማሽኗ እንደ ሰዓት ሲሠራ የእናንተው አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያለቃቅሰው ለዚህ ነው። ማሽኖቹ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ከሮቶው በኋላ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ማስገባት። ሌላው ነፃ ነው። ማሽኑ ውሃ መሳብ ሲጀምር ኦሞ የሚጨመርበትን መሳቢያ ከፍታችሁ በጆግ ውሃ ጨምሩበት። ማሽኑ ውሃው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ መጠኑን ብቻ ነው የሚለካው። ሲበቃው ራሱ መሽከርከር ይጀምራል። በየማለቅለቂያው መድገም አለባችሁ። 7 ኪሎ የሚያጥብ ባለ ፊት በር ማሽን ለአንድ ዙር በግምት ከ40 እስከ 60 ሊትር ይወስዳል፤ ሁለት ወይም ሦስት ጀሪካን በሉት። አድካሚ ነው፤ ግን በእጅ ከማጠብ ይሻላል።

ውሃ እየገባ ነው፤ ግን መቼም አይሞላም። ለምን?

የቆሻሻ ውሃ ቱቦውን መሬት ላይ ጥላችሁታል። ገና ሳላየው ነው የምናገረው። ቱቦው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ከተዘረጋ የገባው ውሃ በራሱ ቁልቁል ይወጣል። ቱቦው ከመሬት ከ60 እስከ 100 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ መታጠፍ አለበት። ከማሽኑ ጀርባ ለዚሁ የተሠራ መያዣ አለ። በሲባጎ ብታስሩትም ይሆናል።

ውሃውን አይደፋም፤ አይጨምቅምም።

ከታች በስተቀኝ ወይም በስተግራ ትንሽ ክዳን ታገኛላችሁ። ከጀርባዋ የፓምፑ ማጣሪያ አለ። ሳፋ አስጠጉ። ጎኑ ላይ ቀጭን ቱቦ ካለ መጀመሪያ በእሱ ውሃውን አፍስሱ። ከሌለ ማጣሪያውን ቀስ በቀስ ወደ ግራ እያዞራችሁ ጨርቅ ይዛችሁ ጠብቁ። ባንዴ አትንቀሉት፤ ወለሉን ታጥቡታላችሁ።

እኔ ከዚያ ውስጥ ሳንቲም፣ የፀጉር ሽቦ፣ የሕፃን ካልሲ፣ ሚስማር፣ አንዴ ደግሞ የጠፋ የጆሮ ጌጥ አውጥቻለሁ። ባለቤቷ የጆሮ ጌጡን አይታ እልል ነው ያለችው፤ ማሽኑን ረሳችው። ከሁሉ የሚበዛው ግን ከነጠላና ከጋቢ የሚረግፍ ክር ነው። ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ይሆናል። ማጣሪያው ከወጣ በኋላ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ትንሽ ክንፍ ያላት መዘውር አለች። በጣታችሁ ስትገፏት እየተንቀጠቀጠች መዞር አለባት። ጭርሱን ካልዞረች ክር አንቋታል። እንደ ልብ የምትዞር ከሆነና ማሽኑ ሲሠራ የማትዞር ከሆነ ፓምፑ ሞቷል። ማጣሪያውን ስትመልሱ አጥብቁት።

ጋቢ ሳጥብ ይዘላል። ወጥ ቤቱን አቋርጦ ይሄዳል።

ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው። ውሃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብድና አንድ ጎን ላይ ይቀመጣል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ይህን ሲያውቁ ሊጨምቁ ሞክረው ይተዉታል፤ አሮጌዎቹ ደፋር ናቸው፣ ይዘላሉ። ጋቢን ብቻውን አታስገቡ። ፎጣ ወይም ሌላ ተመጣጣኝ ልብስ ጨምሩበት፣ ክብደቱ ዙሪያውን ይከፋፈላል። ሁለት ጋቢ አንድ ላይ ግን አይሆንም።

ማሽኑ አዲስ ከሆነና በቀላል ልብስም የሚዘል ከሆነ ጀርባውን እዩ። ለጉዞ ተብለው የሚታሰሩ ሦስት ወይም አራት ረጃጅም ብሎኖች አሉ። ሳይፈቱ ማሽኑን ካስነሳችሁት ያበደ በሬ ይሆናል። ፈታችሁ አስቀምጧቸው፣ አትጣሏቸው። ቤት ስትቀይሩና በኮብልስቶን ላይ በአይሱዙ ስታጓጉዙ መልሳችሁ ታስሯቸዋላችሁ። ያለ እነሱ የተጓዘ ማሽን የውስጥ ገንዳው ሲወዛወዝ ማቆሚያዎቹ ተጎድተው ሊመጣ ይችላል።

በተረፈ እግሮቹን አስተካክሉ። በእጃችሁ ማዕዘን ለማዕዘን ስትጫኑት መነቅነቅ የለበትም። ካርቶን አጥፎ ሥሩ ማስገባት የእኛ አገር መድኃኒት ነው። ካርቶኑ ሲረጥብ ይሟሟል፤ ያው ወደ ነበረበት ተመለሰ። እግሩን እያዞራችሁ ከፍና ዝቅ አድርጉት፤ ለዚያ ነው የተሠራው።

ውሃ ይገባል፣ ግን ከበሮው አይዞርም።

በእጃችሁ አዙሩት። ያለ ምንም ተቃውሞ ከዞረ ቺንጋው ወልቋል ወይም ተበጥሷል። ቺንጋው ደህና ከሆነ የሞተሩ ካርቦን አልቆ ይሆናል። ሁለት ትንንሽ ቁራጮች ናቸው። ማሽኑ ሲያረጅ እንደ እርሳስ እያጠሩ ይሄዳሉ። ለባለሙያ ቀላል ሥራ ነው። ኢንቨርተር የሚባሉት ማሽኖች ካርቦን የላቸውም። ካርቦን አለቀ ብሎ ገንዘብ ሊቀበላችሁ የሚመጣ ካለ ይህን አስታውሱት።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ሞተ። ምንም አይበራም።

ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ከዚያ ብሬከሩን እዩ። ዲቫይደር ላይ ከነበረ ዲቫይደሩን ዳሱት። ቀልጦ ወይም ሸቶ ከሆነ እሱ ነው። ውሃ የሚያሞቅ ማሽን 2,000 ዋት ገደማ ይስባል። እንጀራ ምጣድ ዲቫይደር ላይ እንደማትሰኩት ሁሉ ይህንንም አትሰኩት።

ሁሉም ደህና ሆኖ ማሽኑ ዝም ካለ ቦርዱ ተመትቷል። አንዳንዴ የተቃጠለው ፊውዝና ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚከላከለው ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ጥሩ ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ሰው ይቀይረዋል። ቦርዱ በሙሉ ይቀየር ከማለታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ለወደፊቱ ግን መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀሉ። ሲመለስ ወዲያው አትሰኩ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ማሽኑን የሚመታው መጥፋቱ ሳይሆን የሚመለስበት ግርግር ነው። አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። አምፖላችሁ ከወትሮው አብልጦ ቦግ ሲል የጎረቤት ደግሞ ሲደበዝዝ ካያችሁ ሮጣችሁ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ኒውትራሉ ተበጥሶ ይሆናል። ያን ጊዜ 220 መሆን የሚገባው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ፍሪጁም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ማሽኑም አብረው ይሄዳሉ።

ስታቢላይዘር ከገዛችሁ የፍሪጁን አትስጡት። 1,000 ቪኤ የሚለው ማሽኑ ማሞቅ ሲጀምር ይንበረከካል። ከ3,000 በታች አትውረዱ፤ 5,000 ከሆነ ትገላገላላችሁ።

ስነካው ይነዝረኛል።

ይህን በቀልድ አትለፉት። ቤታችሁ የመሬት ሽቦ፣ ኤሌክትሪሺያኖች ኧርዝ የሚሉት፣ ላይኖረው ይችላል። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ኧርዝ አለው ማለት አይደለም። ሦስተኛው ቀዳዳ ከጀርባው ባዶ የሆነበት ቤት ብዙ አይቻለሁ። ኧርዝ ከሌለ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖም ጣት ላይ የምትቆነጥጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ አካሉ ላይ ትኖራለች። ማሽኑ ማሞቅ ሲጀምር ንዝረቱ ከበረታ ወይም ብሬከሩ ከወረደ ግን ማሞቂያው ተበስቷል። ስፒናውን ነቅላችሁ እስኪቀየር አትጠቀሙበት።

ኧርዝ የሚሠራው ኤሌክትሪሺያን ነው። የመዳብ ዘንግ እርጥበት ያለው መሬት ውስጥ ይቀብራል፣ ይለካል። ሽቦውን ከውሃ ቧንቧ ጋር ወይም ከኒውትራል ጋር አስሮ «ጨርሻለሁ» የሚላችሁን መልሱት። የዛሬ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፣ የትም አያደርስም። ከኒውትራል የታሰረው ደግሞ ኒውትራሉ በተበጠሰ ቀን የማሽኑን አካል ገዳይ ያደርገዋል። ከቻላችሁ 30 ሚሊአምፔር የሚለውን፣ ሰው ሲነዘር የሚቆርጠውን ብሬከር አስገቡ። እስከዚያው በባዶ እግር፣ እርጥብ ወለል ላይ ቆማችሁ ማሽኑን አትንኩ።

በሩ አልከፈት አለ።

ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ካልሆነ ውስጡ ውሃ አለ፤ በማጣሪያው በኩል አፍስሱ። አንዳንዶቹ ከማጣሪያው አጠገብ የምትጎተት ትንሽ ገመድ አላቸው። በካቻቪቴ አትፈልቅቁ፣ እጀታው ይሰበራል።

አረፋው በመሳቢያው ወጥቶ ወለሉን ሞላው።

ለእጅ እጥበት የሚሆን ኦሞ ነው የጨመራችሁት። እሱ የተሠራው ሳፋ ውስጥ አረፋ እንዲያወጣ ነው። ባለ ፊት በር ማሽን አረፋ ይጠላል። ፓምፑ ውሃ እንጂ አረፋ መግፋት አይችልም። «አውቶማቲክ» የሚል የተጻፈበትን ግዙ። ካላገኛችሁ የእጁን አንድ ሁለት ማንኪያ ብቻ። አረፋው ከሞላ አቁሙት፣ ግማሽ ሰዓት ይስከን፣ ከዚያ ያለ ሳሙና ሁለት ጊዜ አለቅልቁ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ማሽን ለማጽዳት አቼቶ መጠቀም ይቻላል። ልብስ ለማንጣት በረኪና የሚጨምር አለ። ሁለቱ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ማሽን ውስጥ አይገናኙ። ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጠባብ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል።

አቼቶ ለምን ያስፈልጋል? ማሽኔ ይሸታል፣ ይህ ይረዳል?

ሽታው የሚመጣው ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ከማጠብና በሩን ዘግቶ ከመተው ነው። በሩን ገርበብ አድርጉ፣ የበሩን ጎማ እጥፋት ጥረጉ፣ በወር አንዴ ባዶውን በ60 ዲግሪ አስኪዱት። 95 የሚለውን እርሱት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ማሞቂያው የማይደርስበትን ነገር ሲያሳድድ ቆጣሪያችሁ ይበላል።

አቼቶው ለኖራ ነው። ደቡቡ የከተማ ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ታች እዩ። ነጭ ቅርፊት ካለ የማሽኑም ማሞቂያ እንደዚያው ነው።

ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን ይጮሃል።

ኩሽኔታ። ባዶውን ከበሮ ከላይኛው ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። እየተንኳኳ ከተላወሰ አልቋል። ውሃ የሚያግደው ጎማ መጀመሪያ ያልቃል፣ ውሃው ኩሽኔታውን ያዝገዋል። ስለዚህ ጎማውን ሳይቀይር ኩሽኔታ ብቻ የሚቀይር ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል። ገንዳቸው በፋብሪካ ተጣብቆ የመጣ ማሽኖች አሉ፤ እነሱን ለመክፈት መጋዝ ያስፈልጋል። ሥራው ከባድ ነው። ማሽኑ ካረጀ ሂሳቡን ከአዲስ ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ ሁልጊዜ መጠገን አለበት አልልም።

ዕቃ ማጠቢያ ማሽኔ ዕቃውን ከገባበት አቆሽሾ ያወጣዋል።

እንጀራ ነው። በሳህኑ ላይ የቀረ እንጀራ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ሊጥ ይሆንና ታች ያለውን ማጣሪያ ይለጥፈዋል። ሳህኑን ማጠብ አያስፈልግም፤ ፍርፋሪውን ግን ጥረጉ። ማጣሪያውን አዙራችሁ አውጡና በሳምንት አንዴ በብሩሽ እጠቡ። ውሃ የሚረጩትን ክንፎችም ንቀሉ። ቀዳዳዎቻቸው ውስጥ የሎሚ ፍሬና የሚጥሚጣ ቅንጣት ታገኛላችሁ፤ በስቴኪኒ ጎርጉሩ።

ላርጎ ጠብ አታድርጉበት፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን። አረፋው ሞልቶ ወደ ሥሩ ይፈሳል። ቦሽ ከሆነ «ኢ15» ብሎ ይቆማል፤ የመሠረቱ ሳህን ውስጥ ውሃ ገብቷል ማለቱ ነው። የወጥ ጨውም ለዕቃ ማጠቢያ ማሽን ተብሎ የሚሸጠውን ጨው አይተካም። ደቃቅ ነው፣ ሌላም ነገር ተጨምሮበታል፣ ይደፍናል። ጀበናና ሸክላ ድስት አታስገቡ። ሸክላው ሳሙናውን ይመጥጠዋል፤ ቀጣዩ ቡና ሳሙና ሳሙና ይላል። የወርቅ ቅብ ስኒም ወርቁን ትቶ ይወጣል።

አክስቴ ከአሜሪካ የላከችልኝን ማሽን ልሰካው?

ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ካላለ አትሰኩ። 110 ወይም 120 የሚል ከሆነ በአንድ ሴኮንድ ይቃጠላል።

መለዋወጫ ከየት ላምጣ?

መርካቶ። ግን በባዶ እጅ አትሂዱ። የተበላሸውን ዕቃ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥርም ፎቶ አንሱ። «የዚህ ማሽን ፓምፕ» ብሎ በቃል የጠየቀ ሰው ብሎኑ የማይገጥም ይዞ ይመለሳል። ከተፈታ ማሽን የወጣ ያገለገለ ዕቃ ለፓምፕና ለበር ቁልፍ ይሆናል። ማሞቂያና ኩሽኔታ ግን አዲስ ግዙ።

ሽቦው የተበላ ይመስላል። ምንድነው?

አይጥ። የብዙ ማሽን ሥር ክፍት ነው፣ ሙቀትም አለው። ዳር ሰፈር፣ እርሻ አጠገብ የምትኖሩ በወር አንዴ ማሽኑን ከግድግዳ ስባችሁ ተመልከቱ። ሥሩን በወንፊት ሽቦ መሸፈን ይቻላል።

አውቶማቲክ ልግዛ ወይስ ባለ ሁለት ገንዳ?

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትና ሮቷችሁ ዝቅ ያለችበት ቤት ከሆነ ባለ ሁለት ገንዳ። ውሃውን በጀሪካን ትሞሉታላችሁ፣ ግፊት አይጠይቅም። ነጩን ያጠባችሁበትን ውሃ ለጥቁሩ መድገም ትችላላችሁ። መብራት መሃል ላይ ሲሄድም ክዳኑን ከፍታችሁ ልብሳችሁን ታወጣላችሁ። እኔ ቤት ያለው እሱ ነው፤ ሰው ሲመጣ ትንሽ አፍራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። የመጭመቂያውን ክዳን ስትከፍቱ ፍሬኑ ወዲያው ማቆም አለበት። እየዞረ የሚቆይ ከሆነ የፍሬኑ ገመድ ላልቷል ወይም ሸራው አልቋል። ያ እስኪሠራ ልጆች አጠገቡ አይድረሱ፤ እናንተም እስኪቆም እጃችሁን አታስገቡ።